የሠርግ ፎቶዬን ከለጠፍኩ ወዲህ ፀጉሬ እየረገፈ ነው፤ ዓይን ይሆን? (የክሩ ማጠቃለያ፣ ከ1ኛው እስከ 33ኛው መልስ)

ይህ ክር (በአንድ ጥያቄ ሥር የተከታተለው ውይይት) ካሰብነው በላይ ረዘመ። አሁን የሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚሰለቸው፣ የመድረኩ አስተባባሪ እንደመሆኔ ማን ምን እንዳለ በራሴ አባባል ልንገራችሁ። የማንንም ጽሑፍ ቃል በቃል አልገለብጥም። መሃል ላይ የራሴንም አስተያየት ጣል አደርጋለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ይቻለኝ።

ጥያቄው

ጠያቂዋ አዲስ ሙሽራ ናት። ከሠርጓ በፊት እናቷ አንድ ነገር ብቻ ለምነዋት ነበር። ቬሎ የለበሰችበትን ፎቶ፣ ቢያንስ እስክትወልድ ድረስ፣ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፍ። ልጅቷ አልሰማችም። ለጠፈችው፤ የምታውቀውም የማታውቀውም አደነቃት። ሳምንታት ሳይቆዩ ፀጉሯ በማበጠሪያ እየተግተለተለ ይወጣ ጀመር። እናት ፍርዳቸውን ሰጡ፤ የሰው ዓይን ነው። ሰባት ቀን ጸበል ትጠመቂያለሽ፣ ፎቶውን ታጠፊያለሽ፣ አስተያየት የጻፉትንም ሰዎች አንድ በአንድ ታያለሽ አሏት።

እንቅልፍ የነሳት ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ነው። አሁን ማታ ማታ ስልኳን ይዛ ቆንጆ ያሏትን ሰዎች ስም ከላይ እስከ ታች ታያለች። የባሏ እህት አለችበት። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ አለችበት። ሁሉንም በየተራ ትጠረጥራለች። ጥያቄዋ ሁለት ነው። ዓይን የሚባለው ነገር እውነት ነው ወይ? ሰላምስ የማገኘው እንዴት ነው?

መልሶቹ

1ኛ። የደሴ ልጅ ናት፣ ጅዳ የምትኖር። በጣም በትሕትና ነው የጀመረችው። በእነሱ ቤት ማሻአላህ ሳይሉ ልጅ ማድነቅ ነውር እንደሆነ ነገረችን። ዓይን በእምነቷ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ሰው መጠርጠር አይደለም አለች፤ ማታ ሱረቱል ፈለቅንና ሱረቱ ናስን ቀርቶ መተኛት ነው። የፈለቅ የመጨረሻው አንቀጽ ከምቀኛ ክፋት ጥበቃ የሚለመንበት መሆኑንም አስታወሰች። ሙሽራዋንም መረቀቻት።

2ኛ። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት። በራሷ ሠርግ ቀን እናቷ የጤና አዳም ቅጠል በጡት መያዣዋ ውስጥ ሸጉጠውላት፣ ኬክ ስትቆርስ ሳይቀር እየሸተታት እንደዋለች ተረከች። ምንም አልሆነችም። (ያለ ጤና አዳም ያገቡ ብዙ ሙሽሮችም ምንም አልሆኑም፤ ይህ የእኔ ነው።)

3ኛ እና 4ኛ። አንድ ወንድም ገብቶ ሰው ጨረቃ ላይ በወጣበት ዘመን እናንተ ገና ዓይን ላይ ናችሁ ብሎ ተሳለቀ። ሰላምታ እንኳ የለውም። 4ኛዋ ወዲያው መለሰችለት። ማታ ጥፍሩን ይቆርጥ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ በጨለማ ያፏጭ እንደሆነ ጠየቀችው። ዝም አለ።

5ኛ፣ 6ኛ፣ 7ኛ። ክሩ ላይ በጣም የወደድኩት ይህ ነው። አዲስ አበባ ፀጉር ቤት ያላት ሴት ናት። ስለ ዓይን አንድም ቃል ሳትናገር፣ ፀጉሩ የሚረግፈው ከየት በኩል እንደሆነ ብቻ ጠየቀች። ሙሽራዋ 6ኛ ላይ መለሰች፤ ከግንባሯ ዳርና ከጆሮዋ በላይ፣ በሁለቱም በኩል እኩል። ሴትዮዋ 7ኛው ላይ ሳትቸኩል አብራራች። ለሠርግ ሲባል የገዛ ፀጉር በቀጭኑ ይሠራል፤ ጠበቅ ተደርጎ። በላዩ ፒስ የሚባለው ቅጥያ ፀጉር ይሰፋበታል። በዚያ ላይ ቬል፣ አክሊል፣ የፀጉር ጌጥ ይመጣል። ያ ሁሉ ክብደት የሚንጠለጠለው ቀጭኑ የዳር ፀጉር ላይ ነው። ሥሩ ይሳባል፣ ያቆስላል፣ ከዚያ ይለቃል። ሙሽራ ሌሊቱን ራሴን ወጥሮ ያዘኝ ስትል ሥሩ እየጮኸ ነው ማለት ነው አለች። ሙሽሮች ግን ይህን እንደ ሠርግ ጣጣ ቆጥረው ይችሉታል።

ምክሯ አጭር ነው። ፒሱን ዛሬውኑ ፍቺው። ለወራት ጠበቅ ያለ ነገር አትሠሪ። ቦታው ላይ ቡጉር ካለ፣ ወይም ቆዳው ማብረቅረቅ ከጀመረ፣ አለርት ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ሂጂ፤ ከቆየ ሥሩ ሊደርቅ ይችላል። ለዚህ መልስ በቁጥር የማይናገሩት ምስጋና ዘነበ።

ከ8ኛ እስከ 11ኛ። ወሬው ወዲያው ወደ ተቆረጠ ፀጉር ዞረ። የረገፈውን የት ነው የምትጥይው ብላ አንዷ ጠየቀች። ሜዳ ላይ ከተጣለ ወፍ ወስዳ ጎጆ ትሠራበታለች፤ ያኔ ራስ ምታት አይለቅሽም። ሌላዋ የአያቷን ቤት ገለጸች። አያቷ በማበጠሪያው ላይ የቀረውን ሁሉ በጣታቸው ጠቅልለው፣ እንትፍ ብለው፣ ከመኝታቸው በላይ ባለው የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይወትፉት ነበር። ቤቱ ሲፈርስ ከግድግዳው ውስጥ ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ፀጉር ተደራርቦ ወጣ። ከወጣትነት እስከ እርጅና፣ ሁሉም በየተራው። ይህን ሳነብ ትንሽ ቆየሁበት። ባለ ፀጉር ቤቷ ተመልሳ፣ ከደንበኞቿ መካከል የተቆረጠውን በፌስታል አስቋጥረው የሚሄዱ እንዳሉ ነገረችን። አትከራከራቸውም፤ ትቋጥርላቸዋለች።

12ኛ። አንዲት እናት ገቡ። የደባርቅ አካባቢ ተወላጅ ናቸው፤ አሁን ሜሪላንድ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የጻፈላቸው የልጅ ልጃቸው ይመስለኛል። እሳቸው ስለ ንቅሳት ነው ያወሩት። በልጅነታቸው ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋቸው፣ ነቃሿ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ለውሳ አንገታቸውን ዙሪያውን በእሾህ ወጋችው። ግንባራቸው ላይ መስቀል አለ። ድዳቸውም ተነቅሷል። ድዱ ሲያብጥ ምግብ እምቢ ስላላቸው በአጥሚት ሰነበቱ። ያኔ አንገቷ ባዶ የሆነ ልጅ ጓደኞቿ ይስቁባት ነበር። ጥርስ ነጭ ሆኖ የሚታየው ድድ ሲጠቁር ነው። አሁን አውቶቡስ ውስጥ የአሜሪካ ወጣቶች በአድናቆት እንደሚያዩዋቸውና የት ነው የተነቀሱት ብለው እንደሚጠይቋቸው ሲናገሩ፣ እየሳቁ እንደሆነ ያስታውቃል።

13ኛ። በዚህ ላይ የመጣው ግን መራራ ነው። ከወሎ ገጠር ለትምህርት አዲስ አበባ የመጣች ልጅ ናት። ዶርም ውስጥ በአንገቷ ስለተሳቀባት በሙቀትም በብርድም ሻሽ ትጠመጥማለች። በሌዘር ለማስጠፋት ጀምራ ግማሹ ደብዝዞ፣ ግማሹ አለ። አሁን ከበፊቱ ብሶ ዓይን ይስባል። ሳትጠየቅ የተሠራባትን ነገር ውበት ነው ብሎ ማውራት እንዳናደዳት አልደበቀችም።

14ኛ። በብዙ አካባቢ አንገት የሚነቀሰው ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርት እንዳይወጣም ተብሎ ነው ሲል አንዱ ጨመረ። ወዲያውም ራሱ አረመው፤ እንቅርትን የሚያመጣው በአብዛኛው የአዮዲን እጥረት ነው፣ መከላከያውም አዮዲን ያለው ጨው ነው።

15ኛ። እኚያ እናት ለ13ኛዋ መለሱ። አንገትሽን እግዜር ያሳምርልሽ አሏት፤ ግን እናትሽን አትውቀሻት፣ ያኔ የነበራትን ምርጥ ነገር ነው የሰጠችሽ። ልጅቷ አልመለሰችም። እኔ በሁለቱም በኩል እውነት አለ ባይ ነኝ፤ አንገቱ ግን የልጅቷ ነው።

16ኛ እና 17ኛ። አንድ ዲያቆን ስለ ጸበሉ ተናገሩ። ጸበል ለእምነትና ለፈውስ እንጂ ማን በላኝ ብሎ ለመመርመር አይደለም አሉ። ስም ዝርዝር እያዩ መጠርጠር ራሱ ንስሐ የሚያስገባ ነው። ከመጽሐፈ ምሳሌ መጨረሻ ምዕራፍም ውበት ሐሰት፣ ደም ግባትም ከንቱ መሆኑን ጠቀሱ። በደንብ የሄደ መልስ ነበር፤ ይህ ጥቅስ ግን 17ኛዋን አስቆጣት። ሙሽራ ፀጉሯ ረግፎ ስታለቅስ ውበት ከንቱ ነው ማለት ማጽናናት አይደለም ብላ ተቆጣች። ከዚያም ወደ ክታብ ገባች። ጥንቆላን የምታወግዙት እናንተ፣ ክታብ የሚጽፈው ደብተራ ከየት ወጣ ብላ ፊት ለፊት ጠየቀች። ዲያቆኑ የአንዳንዶች ጥፋት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም ብለው በጨዋነት መለሱ።

አንድ የቅርስ ነገር የሚያውቅ ሰው እዚህ መሃል ገብቶ ጥሩ ነገር ነገረን። ጥንታዊዎቹ የብራና ክታቦች ብዙ ጊዜ የሚዘጋጁት በባለቤቱ ቁመት ልክ ነበር። ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቁት ነው። ትልልቅ ዓይኖች ይሣሉባቸዋል። ተጠቅልለው በቆዳ ማኅደር ይሰፋሉ። ዛሬ የውጭ ሙዚየሞች ውስጥ ተዘርግተው ይታያሉ።

18ኛ። ነርስ ናት፤ ትዕግሥቷ ያለቀ ይመስላል። ሁለት ነገር ብቻ ልናገር አለች። አንደኛ፣ ኩል። አንዳንዱ የድንጋይ ኩል እርሳስ ያለበት ነው። አሜሪካ ውስጥም ለመዋቢያነት የተፈቀደ አይደለም። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል፤ ዓይን እንዳይበላው ተብሎ ጨቅላ ልጅ የሚኳልበት ቤት ካለ ይተው። ልትኳል ዓይኗን አጠፋች የሚለው ተረት ለቀልድ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ የሚጥል በሽታ። ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ቡዳ ነው ተብሎ ክብሪት ተጭሮ አፍንጫው ሥር ይያዛል፤ ማን በላህ ተብሎ ይጠየቃል። ክብሪቱ ምንም አይፈይድም። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ውሰዱት። መድኃኒት አለው። ይህን እባካችሁ አንብባችሁ ለቤተሰብ ንገሩ።

19ኛ። እዚህ ላይ ነው ክሩ የተበላሸው። አንድ ሰው ዓይን የማንም ሊሆን ይችላል፣ ቡዳ ግን በዘር ነው ብሎ ጻፈ። የትኞቹ ባለ ሙያዎች እንደሆኑም ዘረዘረ። ልጅ ስትድሩ ዘር አጣሩ እስከ ማለት ደረሰ።

20ኛ። መልሱ ከእስራኤል መጣ፣ ከነታንያ። አያቷ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ገበያ ሲገቡ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ያው ሰው ግን ማሰሮውን ይገዛል። ምጣዱን ይገዛል። በጅብ ስም ይጠሯቸዋል፤ ማታ ጅብ ይሆናሉ ይላሉ። ሰፈር ውስጥ ሕፃን የታመመ ቀን አያቷ ከቤት አይወጡም። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ሲለፈልፍ ስማቸውን ጠራ ተባለና ሰዎች ዱላ ይዘው መጡ። ከዚያ ያለውን አልጻፈችም። ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሲሄዱ አያቷም ሄዱ፤ እዚያም እስኪሞቱ ድረስ የሰው ሕፃን ማቀፍ ይፈሩ ነበር።

ቀጥሎ የጻፈችው ግን ፈገግ ያሰኛል። እስራኤልም ዓይን ይፈራል። ያደነቀ ሁሉ ብሊ ዓይን ሃራ (ያለ ክፉ ዓይን ማለት ነው) ይላል። ሕፃናት እጅ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። የአያቷ የልጅ ልጆችም ክሩን አስረው፣ ከሌላው ዓይን እየተጠበቁ ነው።

ከ21ኛ እስከ 23ኛ። 19ኛው ሰው ባህል ነው ብሎ ተመለሰ። 22ኛው በታሪክ መለሰለት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ ተሳዳቢ እንደሚቀጣም አስጠንቅቀዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ እኛ ገና እዚያው ነን አለ። 23ኛው ስድብ ስለነበረ አጠፋሁት። ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል። የሙሽራዋ እናት ልጃቸውን ሰው መጠርጠር ካስጀመሯት ሰዓት ጀምሮ መጨረሻው ወዴት እንደሚያመራ ያሳየው የ20ኛዋ ታሪክ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ዓይኑ ሳይሆን ፍለጋው ነው።

24ኛ። የጨረቃው ወንድም ተመለሰ። አሁንም እያሾፈ ነው፤ ባለ ራይድ ሹፌር መሆኑን ግን አመለጠው። መስታወቱ ላይ መቁጠሪያ፣ ሰማያዊ የቱርክ ዓይን እና ነጭ ሽንኩርት አንጠልጥሎ የሚነዳ ሰው አውቃለሁ ብላ አንዷ ተሳፋሪው እንደነበረች ሆና ቀለደችበት። ነጭ ሽንኩርቱን ክዷል። የቀሩትን አልካደም።

25ኛ እና 26ኛ። ከቤይሩት። ቤት ሠራተኛ ናት። ሰላም የሚለው ጥያቄ ተረሳ ብላ ወቀሰችን፤ ልክ ናት። በዕረፍት ቀኗ፣ እሑድ፣ ከአገሯ ልጆች ጋር አንዷ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባሉ። ቡና ይፈላል። አንዷ ወለል ላይ ትቀመጣለች፤ ሌላዋ ፍራሽ ላይ ሆና በጉልበቶቿ መሃል ይዛት ሹሩባ ትሠራታለች። አልባሶ ነው የምትወደው፤ ወፈር ወፈር ስለሚል አይጎትትም። ማበጠሪያው ፀጉሯን ሲከፍል፣ የጓደኛዋ ቀዝቃዛ ጣት ራሷ ላይ ሲሄድ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስሟን ቀይረው የጠሯት ሰዎች ከጭንቅላቷ ይወጣሉ። ሰኞ ሻርፕ አድርጋ ሥራ ትገባለች፤ ማንም አያየውም። ለማንም ብላ አልተሠራችውም። 26ኛዋ ሌላ ሴት ናት፤ እሷም በነሐሴ 16 ለሻደይ በዓል የሰቆጣ ልጆች ሹሩባ ሲሠሩ ያለውን ደስታ አስታወሰች።

27ኛ። ሙሽራዋ። ፒሱን ፈታዋለች። ጸበሉን ከእናቷ ጋር ጀምራዋለች፤ በጠዋቱ አብሮ መሄዱን ወዳዋለች። ፎቶውን አላጠፋችም። የባሏን እህት ግን አሁንም ስታያት ልቧ ደንገጥ ይላል። ይህን ስለደበቀች ሳይሆን ስለተናገረች አከብራታለሁ።

28ኛ እና 29ኛ። ጎልማሳ የሚመስል አንድ ሰው፣ ዓይን ፈርቶ ፎቶ የሚደብቀውም፣ ለመወደድ ሲል በየሰዓቱ የሚለጥፈውም ያው የሰው ዓይን ሲቆጥር ነው የሚውለው አለ። 29ኛዋ አልተስማማችም። መለጠፍ ደስታ ነው፣ ሁሉን ነገር በሽታ አታድርጉት አለች። እኔ ወደ እሱ አጋድላለሁ፤ ግን የእሷም ፎቶዎች ያምራሉ።

30ኛ። የእኔ ነው። ለሙሽራዋ ያልኳት ቀላል ነው። ማታ ስሞቹን ማየት አቁሚ። የባልሽን እህት ቡና ጥሪያት፤ ስትመጣም ፀጉርሽ በፒሱ ምክንያት እንደረገፈ አንቺው ቀድመሽ ንገሪያት።

ከ31ኛ እስከ 33ኛ። ከዚያ ወሬው ወደ ቅቤ ሄደ። ሚኒሶታ ያለች እህት ለተጎዳ ፀጉሯ ለጋ ቅቤ እንዳትቀባ፣ ቢሮ ውስጥ ይሸተኛል ብላ ፈርታለች። የጅዳዋ ልጅ መላ ሰጠቻት። የዕረፍት ቀንሽ ዋዜማ ማታ ተቀቢው፣ በፌስታልና በሻሽ ጠቅልለሽ እደሪ፣ ሲነጋ ለብ ባለ ውኃ ሁለት ጊዜ ታጠቢው። ለጋ ከጠፋ ጨው የሌለበት የሱፐርማርኬት ቅቤም ይሆናል። 33ኛዋ ግን ይህን ሳታነብ ቸኩላ ነበር። የተቀባችው ከአዲስ አበባ የተላከላትን የወጥ ቅቤ ነው፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ገብቶበት የተነጠረውን። ሦስት ጊዜ ታጥባለች። ባሏ አሁንም ዶሮ ወጥ ተሠርቷል ወይ እያለ ይጠይቃታል። ሽታውን የሚያስለቅቅ ነገር የምታውቁ ካላችሁ ከታች ጻፉላት።